የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የግብርና ሥልጠናው ለማን፣ በየትኛው ሰዓት፣ በማን ማሳ?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ በመሆኑ በአንድነት አቅርበናቸዋል። ጉዳዩም የአፈርን ለምነት የሚጠብቅና ወጪው ለድሃ ገበሬ የማይከብድ የግብርና ሥልጠና የገጠር ሴቶችን ከችግር ለማውጣት ምን ያህል ይረዳል፣ እንዲረዳስ ምን ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ደብዳቤዎቹን ስናሳጥር ሐሳባቸውን አልለወጥንም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁለት ጥማድ መሬቴን ለእኩል አራሽ እየሰጠሁ ሦስት ልጆቼን አሳድጋለሁ። በሬ የለኝም። ቀበሌያችን ስለ ኮምፖስትና ስለ አፈር ጥበቃ ሥልጠና ሲሰጥ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ትምህርቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማሳውን የሚያርሰው ሌላ ሰው ስለሆነ እኔ ተምሬው ምን አደርገዋለሁ? መሬቱም ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው። ምክርዎን እለምናለሁ።
— አንዲት እናት፣ ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ይህ ችግር የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ በደጋው አገራችን በእማወራ የሚተዳደሩ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ሴት ሞፈር ጨብጣ እንድታርስ ልማዱ ስለማይፈቅድ፣ ወንድ ልጅዋ ለእርሻ ያልደረሰላት ወይም በሬ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል ወይም ለሲሶ ከመስጠት ውጪ ምርጫ አይኖራትም። ይህ ልማድ ሊለወጥ የማይችል አለመሆኑን በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ ለብዙ ዓመታት በተግባር አሳይቷል፤ በዚያ ሴቶች ያርሳሉ፣ ወንዶችም ይፈትላሉ፣ እንጀራም ይጋግራሉ። ሆኖም እርስዎ የቀበሌዎ ልማድ እስኪለወጥ ድረስ ልጆችዎን ማስራብ አይችሉምና፣ መልሴን የምጀምረው አሁን በእጅዎ ካለው ነገር ነው።

መሬትዎ የሚደክምበት ዋና ምክንያት ውሉ ይመስለኛል። የእኩል ውል በአብዛኛው በቃል የሚደረግና ለአንድ መኸር ብቻ የሚጸና ነው። ኮምፖስት ግን አፈር ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚፈርስ ጥቅሙ በአንድ ዓመት አያልቅም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመትም ሰብሉን ይመግባል። ለከርሞ መሬቱን ማን እንደሚያርሰው እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ብዙ ኩንታል ኮምፖስት ተሸክሞ አይበትንበትም፣ የፈረሰ እርከንም አይጠግንም፤ ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን የድካሙን ዋጋ የሚያገኝበት ጊዜ ስላልተሰጠው ነው። ስለዚህ በሥልጠናው የተማሩት ነገር ወደ ማሳው እንዲገባ ከፈለጉ፣ ከአራሹ ጋር ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል በጽሑፍ ያድርጉ፣ ውሉንም በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። በውሉ ላይ ኮምፖስቱን ማን እንደሚያዘጋጅ፣ ወደ ማሳው ማን እንደሚያጓጉዝ፣ በሦስቱ ዓመታት ውስጥ መሬቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ግብጦ እንዲዘራበት፣ እርከኑም በየዓመቱ ከክረምት በፊት እንዲጠገን ይጻፍ። የገለባውን ነገር ደግሞ እንዳይረሱት። በብዙ ቦታ እህሉ እኩል ሲካፈል ገለባው ሳይነገርበት ለአራሹ ይቀራል፤ ገለባው ግን የላምዎ መኖ፣ የኮምፖስትዎም ግማሽ አካል ነው።

በክልላችሁ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ባልና ሚስትን በጋራ የሚመዘግብ ነው። ባለቤትዎ ካረፉ በኋላ ደብተሩ በእርስዎ ስም በትክክል መስተካከሉን ካላረጋገጡ ይህን ከሁሉ በፊት ያስጨርሱ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ይሁንና በውል ድርድር ላይ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ይልቅ በእጅዎ ያለው ደብተር ይበልጥ ያስደምጥዎታል።

ኮምፖስቱን እርስዎ ራስዎ ቢያዘጋጁት በውሉ ላይ የመደራደር አቅም ያገኛሉ፤ ማዳበሪያውን ያቀረበ ባለመሬት ከእህሉ ከግማሽ በላይ የሚጠይቅበት ምክንያት አለውና። ዝግጅቱን በመስከረም ወይም በጥቅምት ይጀምሩ፤ አረሙ ገና ለምለም ነው፣ ውኃም ሩቅ አይደለም። ከሥር ደረቅ አገዳና ገለባ፣ ከዚያ እርጥብ አረምና ቅጠል፣ ከዚያ እበት፣ በላዩም ጥቂት አመድና አፈር እያደረጉ በየተራ ይደርድሩ፣ በየድርድሩም ውኃ ያርከፍክፉ። በክምሩ መካከል ረጅም ብትር ይተክሉና በየሳምንቱ ነቅለው በእጅዎ ይዳስሱት። ሞቅ ያለና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ውኃ ይጨምሩ፤ ቀዝቅዞ የሚሸት ከሆነ አየር አጥሯልና ያገላብጡት። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መልኩ የጠቆረ፣ ሽታው የጫካ አፈር የሆነ ኮምፖስት ይወጣዋል። ለአንድ ጥማድ እስከ 20 ኩንታል ስለሚያስፈልግ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱንም ጥማድ ለማዳረስ ሳይሞክሩ በጣም የደከመውን ሩብ ብቻ ይያዙ።

ይህ በወሬ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። በትግራይ በ1988 ዓ.ም. ገደማ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ የመሩት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከገበሬዎች ጋር በጀመረው ሥራ፣ ኮምፖስት የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት ማሳ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ምርት መስጠቱ ለተከታታይ ዓመታት ተመዝግቧል፤ በብዙዎቹ ማሳዎችም የኬሚካል ማዳበሪያ ከተደረገበት የተሻለ ነበር።

የሚቀረው አስቸጋሪው ነገር እበቱ ነው። ማገዶ በሌለበት አገር እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ የነደደ ኩበት ደግሞ ለአፈሩ አይደርስም። ስለዚህ ስለ ኮምፖስት የሚያስተምር ሰው ስለ ምድጃም ካላስተማረ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው እላለሁ። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። በማሳዎ ድንበር ላይ ትሪ ሉሰርን ወይም ሰስባኒያ ቢተክሉ ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ ጭራሮው ለማገዶ ይሆንልዎታል። በጓሮዎም በሬ የማይጠይቁትን ሰብሎች ያስቡ፦ ጌሾ፣ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች። ጌሾ አንዴ ከተተከለ ለብዙ ዓመታት እየተለቀመ የሚሸጥ ሲሆን፣ ገንዘቡም በአብዛኛው በሴቷ እጅ የሚቆይ ነው።

ጥያቄ፦ በደቡብ ወሎ በአንድ ቀበሌ የሰብል ልማት ሠራተኛ ነኝ። በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላችን በምንሰጠው ሥልጠና ከተሳታፊዎቹ ሲሶው ሴቶች እንዲሆኑ ታዝዘናል፣ ቁጥሩንም እናሟላለን። ነገር ግን ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ሳይናገሩ ይመለሳሉ፤ በማሳቸውም ላይ የተለወጠ ነገር አላይም። ጉድለቱ ከእኛ ነው ወይስ ከእነርሱ?
— ከደሴ ዙሪያ

መልስ፦ ጉድለቱ ከእነርሱ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎም አይደለም። ጥሪው ከሚጻፍበት መዝገብ ይጀምራል። የቀበሌው መዝገብ ቤተሰብን የሚያውቀው በአባወራ ወይም በእማወራ ስም ነው። ባል የሌላት ሴት እማወራ ተብላ ትጠራለች፤ ባል ያላት ሴት ግን በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ በራሷ አትገኝም፤ ባሏ ተጠርቷልና እርሷም እንደተጠራች ይቆጠራል። ስለዚህ «ሲሶ ሴቶች» የሚለው ቁጥር ሲሟላ በአብዛኛው የሚመጡት እነዚያው ጥቂት እማወራዎች ይሆናሉ፤ በቀበሌው ካሉት ሴቶች አብዛኛዎቹ ግን ማዕከሉን ሳይረግጡ ዓመታት ያልፋሉ። ለሚቀጥለው ሥልጠና ጥሪውን ለባልና ለሚስት በየስማቸው ይጻፉና ልዩነቱን ይመልከቱ። ሁለቱም በአንድነት ከሰሙት፣ ማታ በቤታቸው ስለ ዘርና ስለ ማሳ ሲወስኑ እርሷ የሰማችው ነገር የባዕድ ወሬ አይሆንም።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት የሚቆይ ሥልጠና ለወንዱ የሚመች ቢሆንም፣ ውኃ ቀድታ፣ ጋግራ፣ ሕፃን ታቅፋ፣ ከቤቷ አንድ ሰዓት ተጉዛ ለምትመጣ ሴት ግን ገና ሳይጀመር ያደክማታል። ገበሬው ሞፈር የማያነሣባቸው በዓላት በየወሩ አሉ፤ በአካባቢያችሁም የጁምዓ ቀን አለ። በእነዚህ ቀናት ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ፣ በማዕከሉ ሳይሆን ለመንደሩ በሚቀርብ በአንዷ ሴት ጓሮ ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ ትምህርት ይስጡ። ሕፃናቱን የሚይዙ ሁለት ልጃገረዶች ቢመደቡ ደግሞ እናቶቹ ጆሯቸውን ሙሉ ለሙሉ ይሰጡዎታል።

ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው፣ ሥልጠናው ከሚያነሣው ነገር የሚጀምር ነው። ማረስ ለማይፈቀድላት ሴት ስለ አስተራረስ ሦስት ቀን መናገር ዝምታን ይወልዳል። ዘርን መርጣ የምታስቀምጠው፣ ጎተራውን የምትጠብቀው፣ ነቀዝ የበላውን እህል የምታበጥረው እርሷ ናት። ስለዚህ ከጎተራው ይጀምሩ። ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጭው ማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ፣ በደንብ ከታሰረ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል፤ እህሉ ያለ አንዳች ኬሚካል ለወራት ይቆያል። በአንዲት ሴት ቤት አንዱን ኩንታል በዚህ ከረጢት፣ ሌላውን እንደ ወትሮው አስቀምጡና ከአራት ወር በኋላ ጎረቤቶቿ ሁሉ በተሰበሰቡበት ሁለቱንም ክፈቱ። በዚያን ዕለት የሚናገሩት ሴቶቹ፣ የሚያዳምጡትም እርስዎ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ዘር መረጣ፣ ከዘር መረጣም ወደ ሰብል ፈረቃ መሻገር ቀላል ነው።

ለአለቆችዎ ማስረጃ የሚያስፈልግዎ እንደሆነ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት ሴት ገበሬዎች ከወንዶች እኩል የማምረቻ ግብዓት ቢያገኙ የማሳቸው ምርት ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል ገምቷል። ግብዓት ሲል መሬትን፣ ብድርን፣ ዘርን፣ ማዳበሪያንና ትምህርትን በአንድነት ማለቱ መሆኑን ግን አብረው ይንገሯቸው፤ ትምህርቱን ብቻ ሰጥቶ ያንን ምርት መጠበቅ አይቻልምና።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጤፍን በመስመር ስለ መዝራት ሠልጥና መጥታ በግማሽ ጥማድ ሞከርነው። ምርቱ መልካም ሆነ፤ ነገር ግን እርሷ ከልጆቹ ጋር ጎንበስ ብላ ስትዘራና ስታርም ወገቧ ተጎዳ። ይህ ሴትን ማብቃት ይባላል? ዘንድሮስ ልንቀጥልበት ይገባል?
— አንድ አባወራ፣ ከምዕራብ ሸዋ

መልስ፦ የባለቤትዎን ድካም ማየትዎና ለእርሷ ተቆርቁረው መጻፍዎ ያስከብርዎታል። ብዙ ሥልጠናዎች ምርቱን በኩንታል ይቆጥራሉ፤ ምርቱን ያመጣው ጉልበት የማን እንደሆነ ግን አይጠይቁም። በመስመር መዝራት በሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይባክን የነበረውን የጤፍ ዘር ወደ 5 ኪሎ ያወርደዋል፤ ቡቃያው ስለማይተፋፈግ አገዳው ይጠነክራል፣ መጋሸቡም ይቀንሳል። ዋጋው ግን በጉልበት የሚከፈል ነው፤ መስመር ማውጣቱ በበሬ ቢሠራም እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ማፍሰሱና ማረሙ በሴቶችና በልጆች ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ በመላው ማሳ አትቀጥሉበት። ትርፉ የሚታይበትን ትንሽ ቁራጭ መርጣችሁ፣ ደቦ ጠርታችሁ፣ እርስዎም አብረው ጎንበስ ብለው ዝሩት። በቀረው ማሳ ላይ እየበተናችሁም ቢሆን የዘሩን መጠን ከወትሮው መቀነስ ይቻላል፤ መሬቱ በደንብ ከታረሰና ከለሰለሰ ዘሩ በማነሱ ምርቱ አይጎዳም። ከትርፉ የተገኘው ገንዘብ ምን እንደሚገዛበት ደግሞ ከእርሷ ጋር ይወስኑ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ውኃና ማገዶ የምታመጣላትን አህያ እገዛ ነበር።

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን የእንሰት አጠውልግ በሽታ ጓሮዎችን እያጠፋ ነው። ለአባቶች ሥልጠና ተሰጥቷል፤ በሽታው ግን አልቆመም። ምን ጎደለ?
— አንዲት መምህርት፣ ከጉራጌ ዞን

መልስ፦ የጎደሉት እናቶቹ ናቸው። እንሰት በአገራችን ለ20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ምግብ ሲሆን፣ አጠውልግን የሚያመጣው ባክቴሪያ ዋነኛ መተላለፊያው በሽተኛውን ተክል የቆረጠ ቢላ ወይም መፋቂያ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲቆርጥ ነው። ቅጠሉን የሚቆርጡት፣ የሚፍቁት፣ መሣሪያውን ከጎረቤት የሚዋዋሱት ሴቶች ሆነው ሳለ ስለ መሣሪያ ንጽሕና ለወንዶች ብቻ ማስተማር በሽታውን ሊያቆመው አይችልም። ተክሉ ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ስለሚፈጅ አንድ የተሳሳተ ቁርጥ የብዙ ዓመት ምግብ ያጠፋል።

ሴቶቹ በሚሰበሰቡበት፣ በፍቂያው ወቅትና በፍቂያው ቦታ ይምከሩ፦ ቢላው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገር በእሳት ነበልባል ይለፍ፤ የታመመው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ ከጓሮው ርቆ ይቀበር እንጂ ለከብት አይሰጥ፤ በዚያ ጉድጓድ ላይ ወዲያው ሌላ እንሰት አይተከል። በሽታውን ከሌሎቹ ይልቅ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አሉና፣ የትኞቹ እንደሆኑ የአካባቢው አሮጊቶች በየስማቸው ያውቋቸዋል። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ችግኝ ከማባዛቱ በፊት እነርሱን ቢጠይቅ ብዙ ድካም ይቆጥባል። እርስዎም በትምህርት ቤትዎ ለልጃገረዶቹ ይህንኑ ቢያስተምሩ ትምህርቱ በዚያው ማታ በየጓሮው ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ከአገር ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እናቴ አሁንም በሰሜን ሸዋ ገጠር ትኖራለች። ከጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን በመንደሯ ላሉ ሠላሳ ሴቶች የሦስት ቀን የዶሮ እርባታና የጓሮ አትክልት ሥልጠና ለማዘጋጀት፣ ለእያንዳንዳቸውም አሥር አሥር የተሻሻሉ ዶሮዎች ለመስጠት አስበናል። አዳራሽና አበል ጭምር በጀት ይዘናል። ምን ይመክሩናል?
— ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ሐሳባችሁ የተባረከ ነው፤ በጀታችሁን ግን እንድታገላብጡት አጥብቄ እመክራለሁ። ለአዳራሽና ለአበል የያዛችሁትን ገንዘብ ለክትትል አድርጉት። ሦስት ቀን በተከታታይ ከሚሰጥ ትምህርት ይልቅ በዓመት ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በወር አንድ ቀን በየሴቶቹ ጓሮ እየተዘዋወረ የሚያይ አንድ ባለሙያ እጅግ ይጠቅማቸዋል፤ ምክንያቱም ጥያቄ የሚነሣው በሥልጠናው ቀን ሳይሆን ዶሮዋ መብላት ባቆመችበት ማለዳ ነው።

የተሻሻሉ ዶሮዎችን በተመለከተ ከማከፋፈላችሁ በፊት ሁለት ነገሮችን አረጋግጡ። አንደኛው መኖ ነው። የአበሻ ዶሮ ጭራ በልታ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ የተሻሻለችው ከዚያ በብዙ እጥፍ የምትጥለው ተመጣጣኝ መኖ ስታገኝ ብቻ ነው። መኖ ከከተማ እየተገዛ የሚመጣ ከሆነ፣ ያለ እናንተ ገንዘብ በሁለተኛው ዓመት መቀጠል የሚችሉ ሴቶች ጥቂት ይሆናሉ። ስለዚህ በአንድ ቤት ከአሥር ይልቅ በሦስት ወይም በአራት ዶሮ ጀምሩ፣ ያሉትንም የአበሻ ዶሮዎች በመጠለያና በክትባት መጠበቅን አስቀድሙ።

ሁለተኛው ፈንግል ነው። ይህ በሽታ በአንድ ሳምንት ውስጥ የመንደሩን ዶሮ ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። ቢሾፍቱ የሚመረት፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ፣ ርካሽ ክትባት አለ። አስቸጋሪው ዋጋው አይደለም፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ስለሆነና ከተከፈተ በኋላ ስለማይቆይ፣ አንዲት ሴት ለአምስት ዶሮ ብላ ልትገዛው አትችልም። መንደሩ በአንድ ቀን በአንድነት ማስከተብ አለበት፤ ይህም በየጥቂት ወሩ መደገም ይኖርበታል። ከሠላሳዎቹ ሴቶች ሁለቱን ወይም ሦስቱን መርጣችሁ በወረዳው የእንስሳት ሐኪም አማካይነት ክትባት መስጠት ብታሠለጥኗቸው፣ በየዶሮው ጥቂት ሳንቲም እያስከፈሉ ሥራውን ራሳቸው ያስቀጥሉታል። ከበጀታችሁ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ዘላቂ ጥቅም የሚሰጠው ይህ ክፍል ይመስለኛል።

ገንዘቡን በግለሰብ በኩል አትላኩ። ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግራችሁ በአገር ውስጥ በሕግ በተመዘገበ ድርጅት ወይም በቀበሌው በሚገኝ የሴቶች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ይሂድ። ማኅበሩ ከሌለ ሴቶቹ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቆጠቡ ራሳቸው እንዲመሠርቱት ማገዝ ይቻላል። የእንቁላል ገንዘብ በአንዲት ሴት ቦርሳ ውስጥ ሲሆን በቀላሉ ለቤት ጉድለት ይሄዳል፤ በማኅበር ሲከማች ግን በግ ይገዛል፣ ከዚያም ጊደር። እናትዎንና ጎረቤቶቻቸውንም አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ፦ በእርግጥ ዶሮ ነው የሚፈልጉት ወይስ ውኃ? በሰሜን ሸዋ ብዙ መንደሮች የጓሮ አትክልት የሚቆመው ዕውቀት ጠፍቶ ሳይሆን ከታኅሣሥ በኋላ የሚጠጣ ውኃ ርቆ ነው። መልሳቸው ውኃ ከሆነ የጣራ ውኃ ማጠራቀሚያ ከሠላሳ ቤት ዶሮ ይቀድማል። ዶሮ ከሆነ ደግሞ ፈንግል በብዛት የሚነሣው በክረምቱ መግቢያ አካባቢ ስለሆነ፣ የክትባት ሠራተኞቹ በመጋቢት ሠልጥነው የመጀመሪያው ዙር ክትባት ከግንቦት በፊት ይጠናቀቅ፤ አዳዲሶቹ ዶሮዎችም ወደ መንደሩ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ይሁን።